ሳሩን ማን ዘራው?

 

አብዛኛውን ጊዜ የምጽፍላችሁ ስለ ማዳበሪያ አጨማመር፣ ስለ ስንዴ ዋግ፣ ስለ ከብት ክትባት ነው። ዛሬ ግን በራሴ ምክር ስለተበላሸ መሬት ላጫውታችሁ። ጽሑፉ ትንሽ ረዘም ይላል፤ ቡና እስኪፈላ ቀስ እያላችሁ አንብቡት። ማንበብ የማይችሉ አባቶችና እናቶች አጠገባችሁ ካሉ ጮክ ብላችሁ አንብቡላቸው፤ ነገሩን ከእኔ የበለጠ የሚያውቁት እነሱ ናቸውና።

ከኮሌጅ በዲፕሎማ ተመርቄ ወደ አንድ የደጋ ቀበሌ ስመደብ ሃያ ሁለት ዓመቴ ነበር። ቀበሌዋ ከቤተ ክርስቲያኑ በታች ሰፋ ያለ የወል ግጦሽ አላት። ክረምት ላይ ውሃ ይተኛበታል። መስከረም ላይ ማገጡ ያብባል፣ ንቡ ይንጫጫበታል። ኅዳር ላይ ሳሩ ቀይ ሆኖ በነፋስ ይወዛወዛል። ይህን ዛሬ ነው የምነግራችሁ እንጂ ያኔ አላየሁትም። ያኔ ያየሁት "ያልለማ መሬት" ነው። ጭንቅላቴ ውስጥ የነበረው የተሻሻለ መኖ፣ የኩንታል ብዛትና ለሪፖርት የሚሆን ፎቶ ብቻ ነበር።

በሁለተኛው ዓመቴ ሕዝቡን ሰብስቤ ከግጦሹ ላይ ግማሽ ሄክታር ታርሶ አጃና ቬች እንዲዘራበት ሐሳብ አቀረብኩ። ብዙው ሰው ተስማማ። አንድ ሽማግሌ ብቻ ከዘራቸውን ተደግፈው ተነሡና ጠየቁኝ፦

"ልጄ፣ ይህን ሳር ማን ዘራው?"

"ማንም አልዘራውም አባባ፣ እንዲሁ የበቀለ ነው" አልኳቸው።

"እንግዲያ ማንም ያልዘራውን ካጠፋኸው፣ ማን መልሶ ሊዘራው ነው?" አሉና ተቀመጡ።

ሰው ሳቀ። እኔም አብሬ ሳቅሁ። ይህች ሳቅ እስከ ዛሬ ትቆረቁረኛለች።

የመጀመሪያው ዓመት አጃው ደረት ድረስ ደረሰ። ፎቶ አነሣሁ፣ ጎብኚ መጣ፣ ተመሰገንኩ። በሁለተኛው ዓመት ግን ዘር በወቅቱ አልተገኘም። የጋራ መሬት ስለሆነ ደግሞ ከኪሱ አውጥቶ ዘር የሚገዛ፣ በሬውን አውጥቶ የሚያርስ ጠፋ። መሬቱ ራቁቱን ክረምት ገባበት። ድሮ ውሃው በሳሩ ውስጥ ዝም ብሎ ነበር የሚያልፈው፤ አሁን ትልሙን ይዞ ወረደ። መስከረም ላይ ስናየው ጉልበት የሚውጥ ቦረቦር ከፍቷል። በሦስተኛው ዓመት ቦረቦሩ ወደ ላይ መግፋት ጀመረ፣ ባዶውን ቦታ ኮሸሽላ ያዘው። ኮሸሽላን ደግሞ ከብት ዞሮ አያየውም።

እዚህ ላይ አንድ ነገር እንዳይምታታባችሁ። አጃና ቬች ጥሩ መኖ ነው፤ ዛሬም ዝሩ እላችኋለሁ። ግን በራሳችሁ ማሳ፣ በየዓመቱ የሚያርሰውና የሚዘራው ሰው ባለበት ቦታ። የእኔ ስህተት መኖውን መዝራቴ ሳይሆን ለመዝራት ብዬ የቆየውን የአገር ሳር መገልበጤ ነው።

ጣጣው በዚህ አላበቃም። ባለፈው ዓመት መሬት የሌላቸው ወጣቶች "የቀረውም ግጦሽ ታርሶ ይከፋፈለን" ብለው ጠየቁ። ማስረጃቸው ምን መሰላችሁ? የእኔ ግማሽ ሄክታር! "ባለሙያው ራሱ አይደለም ወይ ያሳረሰው? ያ ከታረሰ ይሄ ለምን ይቀራል?" አሉ። ምን መልስ ይሰጣል? ወጣቶቹ ደግሞ የእኔ እኩዮች ናቸው። ችግራቸው እውነተኛ ነው፤ አባት መሬቱን ለአምስት ልጅ ከፍሎ የት ያደርሰዋል?

ጉዳዩ ለቀበሌው ጠቅላላ ስብሰባ ተቀጠረ። እኔም ተነሥቼ "ከመወሰናችን በፊት አንድ ቦታ ሄደን እንይ" አልኩ። ለመኪና ኪራይ አዋጣንና አሥራ አራት ሰው ሆነን ወደ ጓሳ ሄድን። ግማሹን ያህል ወጣቶቹ እንዲሆኑ አደረግሁ፤ የቀሩት ሽማግሌዎችና ሦስት ሴቶች ናቸው። እኚያ "ማን ዘራው" ያሉኝ አባትም አሉበት።

ጓሳ የሚገኘው በሰሜን ሸዋ፣ መንዝ ውስጥ ነው። ከጣርማ በር ታጥፎ ወደ መሐል ሜዳ የሚወስደውን መንገድ ይዛችሁ ስትጓዙ ታገኙታላችሁ። ከፍታው ከ3,200 ሜትር በላይ ነው፤ ብርዱ አጥንት ይገባል። ስፋቱ ወደ 100 ካሬ ኪሎ ሜትር ይጠጋል። ጓሳ መጀመሪያ የሳሩ ስም ነው። እንደ ጎፈሬ እየተንጨፈረረ፣ እፍኝ እፍኝ ሆኖ የሚበቅል ረጅም ሳር ነው። ቤት ይከደንበታል፣ ገመድ ይገመድበታል። በመካከሉ ጅብራው ቆሟል፣ ለማገዶ የሚፈለጉት አስታና ጨረንፌ አሉ። ጭላዳዎቹ መንጋ ሆነው ቁጭ ብለው ሳር ሲነጩ አየን። ቀይ ቀበሮም ከሩቅ አሳዩን። ይህ አውሬ በዓለም ላይ ከኢትዮጵያ ደጋ በቀር የለም፤ አዋቂዎቹ ተቆጥረው 500 አይሞሉም። ኑሮው አይጥና ፍልፈል ማደን ነው። አይጡና ፍልፈሉ ደግሞ ያለ ሳሩ አይኖሩም።

አብረውን የነበሩት ወጣቶች መጀመሪያ ላይ ፎቶ ማንሣት ላይ ነበሩ። ነገሩ የተለወጠው ስለ መሬቱ ታሪክ ሲነገረን ነው።

እንደሚተረከው ከ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ጀምሮ የመንዝ አባቶች ጓሳን "ቄሮ" በሚባል ሥርዓት ይጠብቁት ነበር። (በሌላ ትርጉም ከምታውቁት ቃል ጋር እንዳይምታታባችሁ፤ ይሄ የመንዝ የሳር አጠባበቅ ነው።) ምድሩ አስቦና ጌራ በተባሉ ሁለት አባቶች ስም ለሁለት ተከፍሎ፣ ባለ ርስቶቹ "አባ ቄራ" የሚባል አለቃ ይመርጣሉ። አባ ቄራው ሲዘጋ ይዘጋል፣ ሲከፍት ይከፈታል። ከ3 እስከ 5 ዓመት ድረስ ማጭድም ከብትም ሳይገባበት የሚቆይበት ጊዜ ነበር። ያለ ቀኑ የገባ ሰው ቅጣቱ ከባድ ነው። የሚከፈትበት ቀን ሲታወጅ ግን ባለ መብቱ ሁሉ ማጭዱን ይዞ ይወጣል።

በ1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት አዋጅ ሲወጣ ርስት ቀረ፣ ከርስት ጋር የተያያዘው ቄሮም አብሮ ቀረ። ርስት ያልነበራቸው ሰዎችም መብት አገኙ። ይህ ለብዙ ድሃ ፍትሕ ነበር። ነገር ግን የድሮው ሕግ ሲቀር አዲስ ሕግ በቦታው በደንብ አልቆመም፤ ሳሩም ተጎዳ። ኋላ ላይ የአካባቢው ሕዝብ ራሱ ከየቀበሌው ተወካዮች መርጦ፣ መተዳደሪያ ደንብ አውጥቶ እንደገና መጠበቅ ጀመረ። ዛሬ ጓሳ በሕግ የታወቀ የማኅበረሰብ ጥብቅ ሥፍራ ነው። የማኅበረሰቡ የእንግዳ ማረፊያም አለው። ወደ ዓባይና ወደ አዋሽ የሚወርዱ ብዙ ወንዞች ከዚያ ይነሣሉ።

እኛ ሽማግሌ ከአንድ የአገሬው ሰው እጅ የጓሳ ሳር ተቀብለው፣ ቁጭ ብለው ገመድ መግመድ ጀመሩ። እየገመዱም ያ አገር ሰው ጋር ጨዋታ ያዙ። "ዘር ከየት ታመጣላችሁ?" አሏቸው። ሰውየው ሳቁ። "ኧረ ምን ዘር አለው! ጊዜውን ጠብቀን እንዘጋለን፣ ጊዜውን ጠብቀን እንከፍታለን፤ ሌላውን እሱ ያውቃል" አሉ። ሽማግሌው ቀና ብለው እኔን አዩኝ። ምንም አላሉም። እኔ ግን ፊቴ ጋለ።

በመኪናው ውስጥ ስንመለስ ብዙ አሰብኩ። እኔ ለሳር የሚያስፈልገው ዘርና ማዳበሪያ ነው ብዬ ነበር። ለካ የአገር ሳር ከሰው የሚፈልገው ሁለት ነገር ነው፤ ዕረፍትና ሕግ። ዕረፍቱ ያለ ሕግ አይገኝም። ሕጉ ደግሞ ሰው ሁሉ ድርሻ ከሌለው አይቆምም።

በሳምንቱ "ስልጠና አለ፣ አዳራሽ አይደለም፣ ግጦሹ ላይ ነው፤ ዶማና ባዶ ጣሳ ይዛችሁ ኑ" ብዬ ጠራሁ። በዚያ ቀን የሠራነውን ዘርዘር አድርጌ እነግራችኋለሁ፤ እናንተም ምንም ገንዘብ ሳታወጡ በየመንደራችሁ ልትሠሩት ትችላላችሁ።

መጀመሪያ ከእንጨት ጎንና ጎኑ አንድ አንድ ሜትር የሆነ አራት ማዕዘን ሠራን። ያንን ሳሩ ላይ አጋድመን ውስጡ ያለውን ሁሉ በየስሙ መጥራት ጀመርን። እኔ ከአራትና ከአምስት ስም በላይ አላውቅም ነበር። ሴቶቹ አዋረዱኝ! ጋጃ፣ ሰርዶ፣ ማገጥ፣ አክርማ፣ ሌላም ሌላም እያሉ ቆጠሩ። አንዲት ባሏ የሞተባት እናት አሉ፤ መሬታቸውን ለእኩል የሰጡ፣ አንዲት ላም ያለቻቸው፤ ስፌት እየሰፉ ነው ልጆቻቸውን የሚያሳድጉት። እሳቸው ሲናገሩ ሁላችንም ዝም አልን። "ጋጃና ማገጥ ከብት አስቀድሞ የሚለቅመው ነው። ስለዚህ ሲበዛበት መጀመሪያ የሚጠፋው እሱ ነው። አክርማ ጠንካራ ስለሆነ ይቀራል። አክርማው ብቻ ሲቀር ለእኔ ስፌት ደግ ነው፣ ለላሜ ግን ረሃብ ነው" አሉ። ይህን በኮሌጅ በአንድ ሙሉ ምዕራፍ ተምሬዋለሁ፤ እሳቸው በአራት ዓረፍተ ነገር ጨረሱት።

ቀጥሎ ሁለት የዱቄት ወተት ጣሳ ታቹን ቆርጠን አውጥተን፣ አንዱን ሳሩ ላይ፣ አንዱን እኔ ባሳረስኩት ባዶ ቦታ ላይ ትንሽ ወደ መሬት ገባ አድርገን ተከልን። በሁለቱም ላይ እኩል አንድ አንድ ሊትር ውሃ አፈሰስን። አንድ ወጣት በስልኩ ሰዓት ያዘ። ሳሩ ላይ ያለው ውሃ እያየነው ሰረገ። ባዶው ላይ ያለው ቆመ። ሌላ ሥራ ሠርተን ስንመለስ እንኳ ግማሹ ገና ነበር። እንግዲህ ክረምት ላይ የማይሰርገው ውሃ የት ይሄዳል? መልሱ እዚያው ከፊታችን ያለው ቦረቦር ነው።

ከዚያ አንድ አካፋ ሳር ከነአፈሩ ገልብጠን አየን። ሥሩ እርስ በርሱ ተጠላልፎ አፈሩን እንደ መረብ ይዞታል፤ ብናራግፈውም እሺ አይልም። የማገጡን ሥር በጥንቃቄ አጥበን ትንንሽ እጢዎችን አገኘን። እጢውን በጥፍር ስትሰነጥቁት ውስጡ ቀላ ካለ፣ ከአየር ናይትሮጅን እየያዘ ነው ማለት ነው። ያለ ክፍያ የሚሠራ የማዳበሪያ ፋብሪካ በሉት። ወጣቶቹ ተሻምተው ሰነጠቁት። "እኛ ዩሪያ በወረፋ እንገዛለን፣ ይሄ እዚህ ተኝቶ ይሠራል እንዴ!" ያለው ልጅ ከሁሉ በላይ መሬቱ ይከፋፈል ሲል የነበረው ነው።

የመጨረሻው ስለ ድርቆሽ ነው። ብዙዎቻችን ሳሩን የምናጭደው ኅዳር ላይ ደርቆ ቢጫ ከሆነ በኋላ ነው። ክምሩ ትልቅ ይመስላል፤ ጥቅሙ ግን አልቋል። ጥሩው ጊዜ ሳሩ ማበብ ሲጀምር፣ ዝናቡም ጋብ ሲል ነው። ስታጭዱ ከመሬት አራት ጣት ያህል ትታችሁ እጨዱ፤ ላጭታችሁ አትተዉት፣ መልሶ የሚያቆጠቁጠው ከዚያ ነውና። በየዓመቱም አንድ ጥግ ሳይታጨድ ይቆይ። ዘሩን ያራግፍና መሬቱ ራሱን ይዝራ። የታጨደውን ገልበጥ ገልበጥ አድርጋችሁ ማድረቅ አትርሱ፤ እርጥቡ ከተከመረ ይሻግታል።

ከዚያ በኋላ ስብሰባው ደረሰ። ሁሉም በጓሳ ተደስቶ በጭብጨባ ተስማማ ብላችሁ እንዳትጠብቁ። መጀመሪያ እኔ ተነሥቼ "ግማሹን ሄክታር ያሳረስኩት ተሳስቼ ነው፣ እሱን ማስረጃ አታድርጉት" አልኩ። እግሬ ይንቀጠቀጥ ነበር። ባለሙያ ተሳሳትኩ ካለ ነገ ማን ይሰማዋል ብዬ ፈርቼ ነበር። አንድ ወጣት ተነሣና እንዲህ አለ፦ "ስህተትህን ማመንህ ጥሩ ነው። ግን ሳር ከብት ላለው ነው። እኔ ከብትም መሬትም የለኝም። ሳሩ ሲጠበቅ እኔ ምን አገኛለሁ?" ቤቱ ጸጥ አለ። እውነቱን ነዋ።

ያን ቀን ሳይወሰን አደረ። በሌላ ቀጠሮ ነው የተስማማነው። የግጦሹ ግማሽ ለሁለት ክረምት ከከብት ንክኪ ነጻ ሆኖ ሳሩ እየታጨደ እንዲወጣ፣ ድርቆሹ ከብት ላለውም ለሌለውም በቤተሰብ እኩል እንዲከፋፈል፣ ከብት የሌለው ድርሻውን እንዲሸጥ፣ የጥበቃው ሥራና ደመወዙ መሬት ለሌላቸው ወጣቶች እንዲሰጥ ተባለ። ከወጣቶቹ አራቱ በግ ለማድለብ ተደራጁ፤ ድርቆሽ ሲሸጥ ቅድሚያ አላቸው። ያ የጠየቀው ልጅ ግን እጁን አላወጣም። "ሁለት ዓመት አይቼ እናገራለሁ" አለ። እኔም አልተቀየምኩትም። ሕጉ ለእሱ ካልሠራ ለማንም አይሠራም።

አሁን ያለንበትን ልንገራችሁና ላብቃ። የተዘጋው ክፍል አንድ ክረምት አልፎታል። ማገጡ ጨምሯል፣ ጋጃውም ብቅ ብቅ ብሏል። እኔ ያሳረስኩት ግማሽ ሄክታር ግን ገና ነው። ቦረቦሩን በድንጋይ ክትር እየዘጋን ነው። በጎኑም ከጤነኛው ሳር አንዳንድ እግር እየነቀልን፣ ለሦስትና ለአራት እየከፈልን ተከልን። ብዙው ደረቀ። ምክንያቱም የተከልነው ነሐሴ መጨረሻ ላይ ነው፤ ሥር ሳይሰድ ዝናቡ ወጣ። እናንተ ከሞከራችሁ ዝናቡ ጠንከር እንዳለ፣ በሰኔ መጨረሻና በሐምሌ መጀመሪያ ትከሉ። ደግሞ ከአንድ ቦታ ብቻ አትንቀሉ፣ እዚያም ሌላ ባዶ ትከፍታላችሁ። ለማረስ ሁለት ቀን የፈጀብን መሬት መልሶ ሳር ለመሆን ስንት ዓመት እንደሚፈጅበት እንግዲህ እየጠበቅን እናያለን።

ባለፈው ሳምንት እኚያ አባት ሲተክሉ አግኝቻቸው "አባባ፣ አሁን ሳሩን ማን ዘራው ቢባል እኛ እንበላ" አልኳቸው። "ገና ነህ" አሉኝ። "ይብቀል እስቲ መጀመሪያ።"

ወንድሞቼ፣ እህቶቼ፣ በቀበሌያችሁ የወል ግጦሽ ካለና "ይታረስ" የሚል ሐሳብ ከመጣ፣ እኔን የመሰለ ወጣት ባለሙያ ቢያመጣውም እንኳ፣ መጀመሪያ ያችን የአንድ ሜትር እንጨትና ያንን ጣሳ ይዛችሁ ውረዱ። ሽማግሌና ሴቶችን ይዛችሁ ውረዱ። መሬት የሌለውን ወጣትም አትተዉት። ሳሩን በየስሙ ጠርታችሁ፣ ውሃው ሲሰርግ አይታችሁ ከዚያ ወስኑ። ያልገባችሁ ነገር ካለ በየቀበሌያችሁ ያለውን የእንስሳት መኖ ወይም የተፈጥሮ ሀብት ባለሙያ ጠይቁ፤ ካላወቀም አብራችሁት ውረዱ፣ ይማራል። እኔም የተማርኩት እንደዚያ ነው።

ሰላም ሁኑ፤ መልካም የምርት ዘመን!